ጠላት ጠብቆ ይነበብ

የዚያች አገር ሰዎች ባለዙፋኑን ባወረዱ ማግስት መጀመሪያ የለወጡት መሬቱን አልነበረም፤ ግብሩንም አልነበረም። አጠራሩን ነው የለወጡት። ጌታዬ፣ እመቤቴ፣ ጋሼ፣ እትዬ የሚባል ነገር ቀረና ሰው ሁሉ ባልንጀራ ሆነ። ሚስት ባሏን ባልንጀራ፣ ዳኛው ሌባውን ባልንጀራ፣ ሌባውም የሰረቀውን ሰው ባልንጀራ ይለው ጀመር። አንቱታ በአዋጅ ተከለከለ። ከአንድ ሰው በስተቀር ማለቴ ነው። እሱም የሸንጎው አለቃ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ዘውዱ ነበር፤ ዘውድ ሲወድቅ ስሙ እንደማያዋጣው አየና ፊተኛዋን ፊደል ቆርጦ ጥሎ ውዱ ተባለ። ሊቀ ባልንጀራ ውዱ። ነገር እያሳመርኩ እንዳይመስላችሁ፣ እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ስሙ የተቆረጠበት ቀን ትምህርት ቤት ተዘግቶ ውሏል።

ሁለተኛ የለወጡት የደብዳቤ አነባበብ ነው። ድሮ ደብዳቤ የደረሰው ሰው አቀርቅሮ በዓይኑ ያነብ ነበር። የሸንጎው አባላት ግን አሥራ አንድ ናቸው። አንዱን ደብዳቤ አሥራ አንዱም በየዓይናቸው አንብበው አሥራ አንድ ነገር ይዘው ወጡና ሳምንት ሙሉ ሲናጩ ከረሙ። ከዚያ ወዲያ ሕግ ወጣ፤ ደብዳቤ የሚነበበው በአንድ አንባቢ፣ በርጩማ ላይ ተቁሞ፣ ሁሉም እየሰማ ነው። ከበርጩማ ላይ ያልተነበበ ደብዳቤ አልደረሰም። በዓይኑ ሲያነብ የተያዘ አባል ሦስት ቀን ዓይኑን በጨርቅ ታስሮ ይሰበሰባል። የተነበበው ደብዳቤ ደግሞ ዓመቱ እስኪያልቅ በአንባቢው ሣጥን ይቀመጣል።

አንባቢዋ ማንያህልሻል ነበረች። ከለውጡ በፊት ፍርድ ቤት ደጃፍ ጥላ ዘርግታ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ስትጽፍ የኖረች፣ የአርባ ስምንት ዓመት ሴት ናት። ድምፅዋ ከአጥር ውጭ ይሰማል። ሰው ይቀየመኛል ብላ የምትውጠው ቃልም ብዙ አልነበራትም። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ያለቻት አንዲት ልጅ ትርንጎ ናት፤ ፊደል ያስቆጠረቻትም ራሷ ናት። ትርንጎ በሃያ ሁለት ዓመቷ ከጦሩ ጋር ዘመተች፤ ጠመንጃ ይዛ ሳይሆን ብዕር ይዛ። የጦሩ መሪ አዝማች ጓንጉል ዕድሜውን ሙሉ በቅሎ ሲነዳ የኖረ ሰው ስለሆነ መጻፍ አይችልም። እሱ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች፣ በአራተኛው ቀን እናቷ ከበርጩማ ላይ ታነባለች።

ማንያህልሻል ደብዳቤ እጇ ሲገባ መጀመሪያ የምታየው ነገሩን አይደለም፤ ጽሕፈቱን ነው። የ«ም» ጅራቷ ረዝማ ከታጠፈች ልጇ ከአራት ቀን በፊት በሕይወት ነበረች ማለት ነው። ከዚያ ሌላ የምታገኘው ወሬ አልነበራትም።

ጦርነቱ ለማውራት ቀላል ነው። ጠላት ከምሥራቅ መጣ። ከእኛ ወገን ስምንት መቶ ሰው ትልቁን ወንዝ ተሻግሮ ማዶ መሸገ። መመለሻው በየክረምቱ ወንዙ ጠራርጎ የሚወስደው አንድ የግንድ ድልድይ ነው። ስንቁ ከከተማ በበቅሎ ይሄዳል። ሸንጎው ይህን ሁሉ ያውቃል። ሸንጎው ግን ጦሩን ከመሸኘቱ በፊት ከግንባር በሚመጣ ደብዳቤ ውስጥ መግባት የሌለባቸውን ቃላት ዘርዝሮ፣ በከተማው በር ላይ ቃል ፈታሽ የሚባል ሠራተኛ አቁሞ ነበር። ረሃብ ተከለከለ። ሽሽት ተከለከለ። ሞት ተከለከለ፤ የሞተ ሰው «በቦታው ጸና» ይባላል። ዝናብም ተከለከለ። ዝናብ ለምን እንደተጨመረ እስከ ዛሬ የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ በሰልፉ ቀን ዘንቦ ነበር ይላሉ።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። «ባልንጀሮች፣ ቅዳሜ ጠላት ይመታል። ሰውም እህልም ላኩ። ጓንጉል።» ሌላ ነገር የለውም። ማንያህልሻል «ም»ን አየች፣ ተነፈሰች፣ በርጩማው ላይ ወጣችና «ይመታል» የሚለውን አላልታ አነበበችው። መቺው ጠላት ነው ማለት ነው።

ሊቀ ባልንጀራ ውዱ መነጽሩን አወለቀ።

«ማነው መቺው?» አላት።

«ጠላት።»

«ማንን?»

«እኛን ነዋ።»

«ደብዳቤው ላይ ‹እኛን› የሚል አለ?»

«የለም።»

«የለም። ቃሉን አጥብቀሽ ብታነቢው ኖሮ ተመቺው ማን ይሆን ነበር?»

«ጠላት። ግን እኮ እርዳታ ላኩ ይላል። ጠላትን ሊመታ የተዘጋጀ ሰው ምን አስጨንቆት እርዳታ ይለምናል?»

ከአባላቱ አንዱ፣ «ለድሉ ድግስ ይሆናላ» አለ። የቀሩትም ልክ ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

በማግስቱ አዋጅ ወጣ። አጭር ነበር፤ «ወገን ላልቶ፣ ጠላት ጠብቆ ይነበብ» ይላል። ወገን ይመታል ሲባል መቺ ነው፤ ጠላት ይመታል ሲባል ተመቺ ነው። ወገን ይነዳል፣ ይገፋል፣ ይወጋል። ጠላትም ይነዳል፣ ይገፋል፣ ይወጋል። ፊደሉ አንድ ነው፤ ዕጣው ነው የሚለየው። አንድ ችግር ብቻ ተገኘ። «ወገን ይፈራል» የሚለው በአዋጁ መሠረት ላልቶ ሲነበብ ወገን ፈሪ ሆኖ ቁጭ አለ። ለዚህ የፈራ ጉዳይ ኮሚቴ ተቋቋመና ሦስት ቀን ከመከረ በኋላ፣ ፈራ የሚለው ቃል ብቻ ከአዋጁ ነጻ እንዲሆን፣ ሆኖም ማንም ሰው ከሸንጎው ፈቃድ ሳያገኝ እንዳይፈራ ወሰነ። አዋጁ በጦሩ ዘንድም እንዲሠራበት ቅጂው ወደ ግንባር ተላከ።

አዋጁ በወጣ ዕለት ሊቀ ባልንጀራ ውዱ አንባቢዋን ለብቻዋ አስጠራት።

«ድምፅሽ ደስ ይለኛል» አላት። «ግን የአክስቴም ልጅ ድምፅ አለው። አዋጁን ከጣስሽ በርጩማው ላይ የሚወጣው እሱ ነው።»

«የአክስትዎ ልጅ አጠበቀውም አላላውም ጠላት ቅዳሜ ይመጣል፤ ንባብ አይሰማም» አለችው።

«ሊሆን ይችላል። አንቺ ግን ከዚያ ወዲያ ከግንባር የመጣ ወረቀት አትነኪም። ልጅሽ የአዝማቹ ጸሐፊ ናት አይደል?»

ሰውዬው ያውቃል። ያቺን «ም» ካላየች ልጇ መኖሯን በምን ታውቃለች? ለሰው ሁሉ ማመልከቻ ስትጽፍ የኖረች ሴት ለራሷ አንድ መስመር የምትለው አጥታ ወጣች። እዚያች ላይ ተሸነፈች፤ ይህን እኔ ልሸፍንላት አልችልም፤ እሷም በኋላ አልሸፈነችውም።

ሁለተኛው ደብዳቤ የደረሰው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ያን ቀን ሠላሳ በቅሎ እህል ተጭኖ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ መሸኛው ብቻ ነበር የቀረው። ደብዳቤው «ቅዳሜ የተባለውም ሆነ። እህል ካልመጣ ጦሩ ይበላል። ጓንጉል» ይላል። ማንያህልሻል ጅራቷ የታጠፈችውን «ም» አየች። ጓንጉል ጦሩ የጠላት መብል ይሆናል ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ አንባቢ መሆን አያስፈልግም። ውዱን አየችው፤ እሱም አያት። ወገን ላልቶ ይነበብ። አላልታ አነበበችው። ጦሩ በላተኛ ሆነ።

አባላቱ ነገሩን በጥሞና መረመሩት።

«እህል ካልመጣ ይበላል» አለ አንደኛው። «ከመጣስ?»

«ከመጣማ አይበላም» አለ ሁለተኛው።

«እንግዲያው ለምን እንልካለን? የጦሩን የምግብ ፍላጎት ልንዘጋ?»

ይህ ለሁሉም ትክክል መሰላቸው። መልሱ እዚያው ተጻፈ፤ «ለባልንጀራ አዝማች ጓንጉል። እህል ሲቀር የሚበላ ጦር እንዳለን ሰምተን ኮርተናል። ፍላጎቱን እንዳንቀንስበት ብለን የጫንነውን አራግፈናል። ወደፊት።» ሠላሳው በቅሎ በር ላይ ተራገፈ። ማንያህልሻል በርጩማዋን ይዛ በዚያ በኩል ስታልፍ ጭነቱን የሚያወርዱት ሰዎች «እንዴት ነው ባልንጀራ፣ ልጆቹ ጠገቡ አሉ?» አሏት። «ጠገቡ» አለች። ቤቷ ገብታ ምድጃ ሳታነድ ዋለች።

በግንባር የሆነውን ትርንጎ ናት ኋላ የነገረችን። ጓንጉል መልሱን ሦስት ጊዜ አስነበበው። ከዚያ ወጣና በቅሎዎቹ ወደታሰሩበት ሄደ። በቅሎ በእኛ ዘንድ የሚበላ ነገር እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ሰውዬው ደግሞ በየስማቸው ነው የሚጠራቸው፤ ዳመናን፣ ጎራውን፣ አመዴን። የመጀመሪያዋን ራሱ ይዞ አረዳት፤ ሌላ ሰው እንዲያርዳት አልፈለገም። ሥጋውን ለጦሩ አከፋፍሎ ሲያበቃ አንዲት ቁራጭ አልቀመሰም። «ጻፊ» አላት ትርንጎን፣ «ሁለት መንገድ የሌለው ቃል ፈልጊና ጻፊ።»

ትርንጎ አሰበች። አሳቧም ጥሩ ነበር። «ይመታል» የሚለውን ማጥበቅም ማላላትም ይቻላል፤ «እየተመታን ነው» ተብሎ ከተጻፈ ግን «ተ» መሐል ላይ ተተክላለች፣ የፈለገ ቢያላላት አትነቃነቅም። ሦስተኛው ደብዳቤ ላይ ያቺን ብቻ ጻፈች። «እየተመታን ነው። ጓንጉል።»

ማንያህልሻል በርጩማው ላይ ቆማ ስታነበው ልጄ አመለጠቻቸው አለች በሆዷ። ውዱ ወረቀቱን እንድታሳየው አዘዘ፤ ለማንበብ ሳይሆን ፊደል ለመቁጠር ነው ብሎ በቃለ ጉባኤ አስመዘገበ። ጣቱን «ተ» ላይ አሳረፈ።

«ይቺ ናት» አለ። «ጠላት ደብዳቤያችን ውስጥ አስርጎ ያስገባት ይቺን ነው። አውጪያትና አንብቢው።»

ስትወጣ «እየመታን ነው» ሆነ። ሸንጎው አጨበጨበ። በዚያው ዕለት «ተ» ከጽሑፍ ሁሉ ታገደች። የሸንጎው ጸሐፊ ስሙ ተካ ነበር፤ ካ ሆኖ ወጣ፤ ደመወዙም በካ ስም ዞረለት። አዝማቹ እንግዲህ በነገር እንዳያደክማቸው ደግሞ ውዱ ሌላ ሕግ ጨመረ፤ ለአንድ ደብዳቤ አንድ መልስ፤ መልሱም ከበርጩማ ላይ ከተነበበ በኋላ ይታተማል እንጂ አይለወጥም።

አራተኛው ደብዳቤ ሲመጣ ሰማዩ ከጠቆረ ሳምንት አልፎታል፤ ማንም ግን ዘነበ አይልም። ማንያህልሻል ወረቀቱን ስትከፍት «ም»ን ፈለገች። አለች። ጅራቷ ግን እንደወትሮው አልታጠፈችም፤ እጅ የደከመው ሰው የጣላት ትመስላለች።

«ሠላሳ አራት ሰው በቦታው ጸና። ወንዙም ሊሞላ ነው። እዚህ ከቆየን ጦሩ ይረታል። እንመለስ። ጓንጉል።»

በርጩማው ላይ ወጣች። ሠላሳ አራት ሰው ጸና የሚለውን ስታነብ ሸንጎው አጨበጨበ። ጭብጨባው እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀች። በዚያች ጊዜ ውስጥ ምን እንዳሰበች ነግራኛለች፤ ከሠላሳ አራቱ ስንቱ ሠላሳው በቅሎ በመራገፉ የሞተ እንደሆነ ነበር የምታሰላው። ስሌቱም አልወጣላትም። እኔ የፈረምኩት ነገር የለም፣ እኔ አዋጅ አላወጣሁም ብትል ማንም አይከሳትም። እሷ ግን ያነበበው አፍ የእኔ ነው አለች፤ አፏን ጠላችው። ከዚያ «እዚህ ከቆየን ጦሩ ይረታል» የሚለውን፣ የመጨረሻውን ቃል አጥብቃ፣ ከአጥር ውጭ እስኪሰማ አነበበችው። ተረቺው ጦሩ ነው።

«ወገንን አጠበቅሽ» አለ ውዱ።

«አጠበቅሁ። የተጻፈውን ነው ያነበብኩት። ሠላሳ አራት ልጆች ሞተዋል፤ ጸኑ አይባልም። በረሃብ ነው የሞቱት። እየዘነበም ነው፤ ወጣ ብላችሁ እዩ።»

አራት የተከለከሉ ቃላት ነበሩ፤ ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ አለቻቸው። ደብዳቤውን ከከተማው በር ይዞ የመጣው ቃል ፈታሽ በአዳራሹ በር ላይ ቆሞ መዝገቡን ከፈተ፣ ሦስት መስመር ጻፈ፣ አራተኛውን ለመጻፍ ጠበቀ። ውዱ አልጮኸም። ሰው ሲቆጣ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ዓይነት ነው።

«ዛሬ ከበርጩማው ትወርጃለሽ» አላት። «አስቀድመሽ ግን መልሱን አንብቢ፤ ካልተነበበ አይታተምም፤ ሕግ ነው። ካ፣ ጻፍ። ‹ባለህበት ብትቆም ጦሩ ይረታል። ብትመለስ ጠላት ይረታል።› በቃ።»

ሲናገረው ሁለቱንም አላልቶ ነው። ብትቆም እኛ እናሸንፋለን፣ ብትመለስ ጠላት ያሸንፋል ማለቱ ነው። ካ ጻፈው። ማንያህልሻል ወረቀቱን ተቀበለች፤ አንዴ አየችው። ዓይኗ ሁለተኛው መስመር ላይ ደረሰና ቀረ። ከዚያ አነበበች።

«ባለህበት ብትቆም ጦሩ ይረታል» የሚለውን አላልታ፣ በአዋጁ መሠረት። ወገን ነውና። «ብትመለስ ጠላት ይረታል» የሚለውን አጥብቃ፣ በአዋጁ መሠረት። ጠላት ነውና። ብትመለስ ተሸናፊው ጠላት ነው ማለት ሆነ። ወረቀቱን ለማኅተም ዘረጋች።

ውዱ ወዲያው ነው የገባው። አባላቱ ትንሽ ቆዩ።

«ሁለተኛውን አላልተሽ ድገሚው» አላት።

«ጠላትን?»

«አዎ።»

«ጠላትን ላላላ» አለች ማንያህልሻል። «እሺ፣ ችግር የለም። አንዲት መስመር ይጻፉልኝ። ‹እኔ ውዱ ጠላት ላልቶ እንዲነበብ አዝዣለሁ› ብለው ይፈርሙበት። ፊርማዎን አይቼ አሁኑኑ እደግመዋለሁ።»

ውዱ ወደ ግራው አየ። በግራው የተቀመጠው አባል ብዕሩን ኪሱ ከተተ። ወደ ቀኙ አየ። በቀኙ ያለው፣ ለድሉ ድግስ ይሆናላ ያለው ሰውዬ፣ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «ጠላት ላልቶ የሚነበብ ከሆነ እኮ… እስከ ዛሬ የተነበቡትስ?» አለ። ይህን ካለ በኋላ ማለቱን የተጸጸተ ይመስላል። አሥሩም የመጀመሪያውን፣ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ደብዳቤ በየልባቸው ሲያላሉና ሲያጠብቁ ይታዩ ነበር።

«ሌላ መልስ እንጻፍ» አለ ውዱ።

«ለአንድ ደብዳቤ አንድ መልስ» አለች። «ሕጉ የርስዎ ነው።»

ካ ማኅተሙን አነሳ፤ አለቃውን አየ፤ አለቃው ዝም ሲል መታው። ማንያህልሻል በርጩማዋንና ሣጥኗን አንስታ ወጣች። የውዱ የአክስት ልጅ በሚቀጥለው ቀን ሥራ ሲጀምር የሚቆምበት አጥቶ የዱቄት ጣሳ ገልብጠው ሰጡት።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘጠኝ ቀን ነው የገደላት። መልሱ በአራት ቀን ይደርሳል። ትርንጎ አዋጁን ታውቀዋለች፤ በአዋጁ ታነበው ይሆን ወይስ ሰውዬው በተናገረው ድምፅ? ጓንጉልስ ያምናታል? ደብዳቤ አይመጣላት፣ ቢመጣም የሚያነበው ሌላ ነው። በየማለዳው ወደ ከተማው በር እየወጣች ከቃል ፈታሹ አጠገብ ትቆማለች። ሰውዬው መጀመሪያ ይገላምጣት ነበር፤ በኋላ ከዝናቡ እንድትጠለል ዳሱ ሥር አስጠጋት፤ ዝናብ ግን አላለም።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት በመንገዱ ላይ ሰው ታየ። ከፊት ጓንጉል በእግሩ ይሄዳል፤ በቅሎ የለውም። ከኋላው ረድፍ የሌለው፣ ከበሮ የሌለው ሰው ይመጣል። ስምንት መቶ ሰው አይሞላም። ድልድዩን ከተሻገሩ በሁለተኛው ቀን ወንዙ ግንዱን ሁሉ ይዞት ሄዷል፤ ጠላትም ማዶ ቆሞ ውሃ ያያል። ይህን ሁሉ ያወቅነው በኋላ ነው። ማንያህልሻል በሰዉ መሐል ልጇን አየቻት። ትርንጎ የአንድ የቆሰለ ሰው ክንድ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ነበር የምትመጣው።

ሸንጎው እየሮጠ በር ላይ ደረሰ። ውዱ መሐል መንገድ ላይ ቆመ።

«ማን ተመለስ አለህ?»

ጓንጉል ከብብቱ የታተመውን ወረቀት አወጣ። «እናንተ ናችሁ» አለ። «‹ብትመለስ ጠላት ይረታል› አላችሁ። ጸሐፊዬ በአዋጃችሁ መሠረት አጥብቃ አነበበችልኝ። እኔ መሃይም ነኝ፤ የተነበበልኝን እሰማለሁ። ተመለስኩ። እንኳን ደስ ያላችሁ ባልንጀሮች፤ ጠላት ተረትቷል።»

ከኋላው ያለው ጦር ሳቀ። ደክሞት፣ ርቦት፣ ጉንጩ ገብቶ ሳቀ። እንደዚያ ያለ ሳቅ ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም፤ እኔ ራሴ ስቄ ዓይኔን ስጠርግ ነበር። ሸንጎው ገብቶ ሁለት ሰዓት ተማከረ። ከወጣ በኋላ ሌላ ማለት ስለማይችል ድል መሆኑን አወጀ። መንገዱ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ጨርቅ ታዘዘ። «ጠላት ተረታ» ሊባል ነበር፤ ነገር ግን «ተ» ታግዳለች፤ አውጥተው «ጠላት ረታ» ብለው ሰቀሉት። ሦስት ሳምንት ተሰቅሎ ከረመ። የሚያወርደው ሰው ከየትኛው ወገን ይቆጠራል ብሎ ሁሉም ፈራ፤ ያውም ያለ ፈቃድ።

ማንያህልሻል ልጇን ቤት አስገብታ እግሯን በሙቅ ውሃ አጠበቻት። ገንፎ ሠራችላት። ትርንጎ ጥቂት በላችና ማንኪያውን አስቀመጠች።

«እማዬ፣ ሁለተኛዋን ደብዳቤ ያነበባት ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«አላልቼ።»

ትርንጎ ገንፎውን ገፋ አደረገችው። «ነገሩ ሳይገባሽ ቀርቶ ነው?» አለቻት፤ አዎ እንድትላት የፈለገች ትመስላለች።

«ገብቶኛል» አለች እናቷ። «አጥብቄ ባነበው ከበርጩማው ያወርዱኛል። ከወረድኩ ጽሕፈትሽን አላይም። መኖርሽን የማውቀው በሱ ብቻ ነበር ልጄ። ለዚያ ብዬ ነው።»

«ሠላሳ አራት ሰው ነው የቀበርነው። ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ለአንቺ ብዬ ነው አትበዪኝ» አለች ትርንጎ። «እዚያ እያለሁ እናቴ ታነበዋለች፣ እናቴ ታውቅልናለች እያልኩ ነበር ለሰዉ የምነግረው። ከሁሉ የከፋኝ እሱ ነው።»

ማንያህልሻል ይቅር በዪኝ ልትል ነበር፤ ቃሉ አነሰባት። ለሠላሳ አራት ሰው ቤት የሚዳረስ ቃል አልነበረም። «ምን ላድርግ?» አለቻት።

«እኔ እንጃ» አለች ልጅቱ። «አንባቢዋ አንቺ ነሽ።»

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ረፋዱ ላይ ሰው ሞልቶ ሳለ ማንያህልሻል በርጩማዋንና ሣጥኗን ይዛ መጣች። በጨርቅ ሻጮቹና በጨው ሻጮቹ መሐል በርጩማዋን አስተካክላ ተከለች፤ ወጣችበት። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ዘረጋች። ከላይ እስከ ታች፣ እንደተጻፈው፣ ጠላት ይመታል የሚለውን አላልታ አነበበችው። ስትጨርስ «ይህ ደብዳቤ የተላከው ከቅዳሜው ጦርነት በፊት ነበር» አለች። ሚዛን የያዘው ሚዛኑን አስቀመጠ። ሁለተኛውን አወጣች። «ይህን ደብዳቤ ሠላሳ በቅሎ እህል ከተማው በር ላይ ቆሞ ሳለ እኔ ማንያህልሻል አላልቼ አንብቤዋለሁ» አለች። «የተጻፈው ግን እንዲህ ነው።» «እህል ካልመጣ ጦሩ ይበላል»፤ አጥብቃ። ከጨው ሻጮቹ አንዲቱ ልጇ ከሠላሳ አራቱ አንዱ ነበር፤ ቁጭ አለች። ማንያህልሻል ፊቷን አላዞረችባትም። ሴትየዋን እያየች ሁለተኛ ጊዜ አነበበችው።

የሸንጎው ጠባቂዎች ሰዉን እየገፉ ሲደርሱ ወረቀቱን እያጠፈች ነበር። ጠባቂዎቹ አራት ናቸው።

«ውረጂ» አላት አለቃቸው። «እነዚህ ደብዳቤዎች የተነበቡ ናቸው።»

«አልተነበቡም» አለች። «ስላልተነበቡ አልደረሱም፤ ሕጉ የናንተ ነው። ሁለቱ ዛሬ ደርሰዋል። ሁለት ይቀሩኛል፤ ከዚያ ወዴትም ውሰዱኝ።»

ከሣጥኑ ውስጥ ሦስተኛውን አወጣችና «ተ»ን ከነቦታዋ ማንበብ ጀመረች።